የሐሙስ ዳዊት፦ ስለ መከራ፣ ስለ አቤቱታና ስለ ክርስቲያናዊ ተስፋ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ዳዊት በዕለት ተከፍሎ ይደገማል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ መጨረሻው ይደርሳል፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መሓልየ መሓልይ ይከተላሉ። ብዙ ሰው ይህን አከፋፈል ጸሎቱ እንዳይከብድ የተበጀ የጊዜ ድልድል አድርጎ ያየዋል። እኔ ከዚያ ያለፈ ቁም ነገር አለው ባይ ነኝ። መከራ የደረሰበት ክርስቲያን የእግዚአብሔርን ርዳታ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ተስፋውንስ በምን አፍ እንደሚናገር፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህ የዕለት ሥርዓት ያስተምራል። በተለይ የሐሙሱ።

ሐሙስ ዳዊቱን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው በአንድ ጸሎት ውስጥ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሁለት መዝሙሮችን ያገኛል። 87ኛው ከመዝሙሮቹ ሁሉ የጨለመው ነው። 90ኛው ደግሞ በጭንቅ ቀን ከሁሉ በፊት የሚፈለገው፣ በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሰው ክፉ እንደማያገኘው የሚናገረው ነው። (የዕብራይስጡን ቁጥር ተከትለው በታተሙ መጻሕፍት 88 እና 91 ሆነው ይገኛሉ።) በመካከላቸው ያሉት ሁለት መዝሙሮች ብቻ ናቸው። በዛሬው ኑሯችን ግን ሁለቱ ከተለያዩ ቆይተዋል። 90ኛው በሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ በታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፏል፣ ሰው ሲታመምና መንገድ ሲወጣ በስልክ ይላካል። 87ኛውን ለታመመ ወዳጁ የላከ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በዚህ ጽሑፍ ልሟገትለት የምፈልገው ነገር ይህ ነው፦ 87ኛውን የዘለለ አንባቢ 90ኛውን አጣሞ ማንበቡ አይቀርም፤ አቤቱታ የሌለበት ተስፋም የመጀመሪያው ብርቱ መከራ ሲመጣ ይሰበራል።

ዳዊት በኢትዮጵያ ምን ስፍራ እንዳለው ለማስታወስ ያህል፦ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ለይቶ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን ተሻግሮ የሚደርስበት መጽሐፍ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ማንበብ ቻለ ይባልለታል፤ ወላጆቹም ደግሰው ያስመርቁታል። በግዕዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ቤት የታተመው መጽሐፍም ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን እዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ አሳተመው። በብራናው 150ው መዝሙር ከ151ኛው ጋር፣ የነቢያት ጸሎት፣ መሓልየ መሓልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን በአንድ ጥራዝ ይገኛሉ። ማኅደሩ በትከሻ ይንጠለጠላል፤ ከገበያ እስከ ዘመቻ አብሮ ይሄዳል። ሰው ሲሞትም በአስከሬኑ አጠገብ የሚነበበው እርሱ ነው። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ለዘመናት የተማረው የተስፋ ቋንቋ ከዚህ መጽሐፍ ከወጣ፣ መጽሐፉ ተስፋን እንዴት እንደሚናገር ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል።

87ኛው መዝሙር የሚጀምረው እግዚአብሔርን የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ በመጥራት ነው። በመዝሙሩ ውስጥ ብርሃን ያለበት ስፍራ ይህ መነሻ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው። የሚጸልየው ሰው ቀንም ሌሊትም እንደሚጮኽ ይናገራል፤ ነፍሱ በመከራ መጥገቧን፣ ወደ ጉድጓድ ከሚወርዱት ጋር መቆጠሩን ይዘረዝራል። የሚያስደነግጠው ይህን ሁሉ ጠላት አደረሰብኝ አለማለቱ ነው። አንተ በጥልቁ አኖርኸኝ፣ አንተ ወዳጆቼን አራቅህብኝ እያለ ፊት ለፊት የሚከስሰው አምላኩን ነው። ቀጥሎ ጥያቄ ያዥጎደጉዳል፦ ለሙታን ተአምር ታደርጋለህን? ባለ መድኃኒቶችስ ሙት ያስነሣሉን? ቸርነትህ በመቃብር ውስጥ ይነገራልን? የሚመልስለት የለም። ሌሎች የልቅሶ መዝሙሮች በመጨረሻቸው አካባቢ ይታጠፋሉ፤ ለምሳሌ የሰኞው 12ኛ እስከ መቼ እያለ አራት ጊዜ ጠይቆ ሲያበቃ በምስጋና ይዘጋል። 87ኛው አይታጠፍም። ባልንጀራና ዘመድ ከእርሱ መራቁን ተናግሮ እዚያው ይቆማል።

ይህ መዝሙር ቅዱስ ተብሎ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር መቆጠሩ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። መጽሐፉን ያዘጋጁት አባቶች ፍጻሜውን ሊያሳምሩት፣ አንድ የምስጋና መስመር ሊጨምሩበት ይችሉ ነበር፤ እንዳለ ተዉት። ምላሽ ያላገኘ ጸሎትም ጸሎት መሆኑን፣ ጭለማ ውስጥ ሆኖ የሚጮኽ ሰውም ከማኅበሩ እንዳልወጣ መመስከራቸው ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ ተስፋውን የማገኘው ሰውየው በተናገረው ውስጥ አይደለም፤ መናገሩን አለማቆሙ ላይ ነው። ከመዝሙሩ እኩሌታ በኋላ በማለዳ ጸሎቱ ወደ እግዚአብሔር ፊት እንደምትደርስ ይናገራል። ትናንት አልተመለሰለትም፤ ዛሬም አልተመለሰለትም፤ ነገ ጠዋት ግን ይመጣል። የሚሰማው የለም ብሎ የቈረጠ ሰው ይህን ያህል አይጮኽም።

የሀገራችን የአንድምታ መምህራን መዝሙር ሲተረጉሙ አስቀድመው የሚጠይቁት ተናጋሪው ማነው የሚለውን ነው። አንዱን መዝሙር ዳዊት ስለ ራሱ ተናገረው ይላሉ፤ አንድም ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ፣ አንድም በባቢሎን የተማረኩት፣ አንድም መቃብያን በአንጥያኮስ ዘመን፣ አንድም ጌታ በሕማሙ ጊዜ ይላሉ። ይህ አካሄድ ለታሪክ ተመራማሪው የሚሰጠው ጥቅም አለ። ለተጨነቀ ሰው የሚሰጠው ግን ይበልጣል። ቃሉ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አይቀርም፤ ታማሚውም፣ ስደተኛውም፣ የተሸነፈውም በየተራ ይገቡበታል። ከሁሉም በላይ ክርስቶስ ይገባበታል። የቀደሙት አባቶች በ87ኛው መዝሙር የተጣለውን፣ ወዳጆቹ ከሩቅ የቆሙበትን፣ ወደ ሲኦል የወረደውን ጌታ አዩ። እንዲህ ከተነበበ የመዝሙሩ ጭለማ እግዚአብሔር የሌለበት ቦታ መሆኑ ይቀራል፤ ወልድ ራሱ የቆመበት ይሆናል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በሰሙነ ሕማማት ቡራኬና መስቀል መሳለም አቁማ፣ በስግደት ብቻ ሳምንቱን የምታሳልፈው ለዚህ ይመስለኛል። ትንሣኤን የምታውቅ ሆና ሳለ ዓርብን አትዘልም።

ከ87ኛው ወደ 90ኛው የሚወስደው መንገድም ቢሆን ቀላል አይደለም። 88ኛው መዝሙር እግዚአብሔር ለዳዊት የገባውን ኪዳን በሰፊው ካመሰገነ በኋላ ድንገት ይዞርና ዘውዱ በምድር ላይ መጣሉን፣ ቅጥሩ መፍረሱን ያነሣል፤ የቀደመው ምሕረትህ ወዴት አለ ይላል። በ87ኛው የአንድ ሰው የነበረው አቤቱታ እዚህ የሀገር ይሆናል። 89ኛው የሙሴ ጸሎት ነው። የሰው ዕድሜ 70፣ ቢበረታ 80 መሆኑን አስቦ ያዝናል፤ መከራ ባሳየኸን ዘመን ልክ ደስ አሰኘን ብሎ እንደ ሒሳብ ይተሳሰባል፤ በመጨረሻም የእጃችንን ሥራ አቅናልን ብሎ ይለምናል። ወደዚህ ልመና ኋላ እመለሳለሁ። የሐሙስ አንባቢ ወደ 90ኛው የሚደርሰው ይህን ሁሉ አልፎ ነው። የግል ስብራትን፣ የሀገር ውድቀትን፣ የዕድሜን ማጠር ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ።

በዚህ በኩል የደረሰ ሰው 90ኛውን ሌላ አድርጎ ያነበዋል። መዝሙሩ ስለ መላእክት ጥበቃ፣ በሌሊት ከሚያስደነግጥ ነገርና በቀትር ከሚመጣ ጋኔን ስለ መዳን ይናገራል፤ ስለዚህም ለጥበቃ ከሚደገሙት ጸሎቶች ዋነኛው ሆኗል። በፍጻሜው ላይ ግን ተናጋሪው ይለወጥና እግዚአብሔር በራሱ አንደበት ይናገራል። እዚያ የሚሰጠው ተስፋ ሰውየው መከራ እንደማያይ ሳይሆን በመከራው ጊዜ አብሮት እንደሚሆን ነው። መከራው መምጣቱ እንደ ታወቀ ተቈጥሯል። ይህን መስመር ትቶ የፊተኛውን ብቻ የያዘ ሰው ያልተገባለትን ቃል ኪዳን ይጠብቃል፤ በጠበቀው መንገድ ሳይሆንለት ሲቀርም እግዚአብሔር ዋሸኝ ይላል፣ ወይም የባሰውን፣ እምነቴ ቢጎድል ነው ብሎ ራሱን ይከስሳል።

ይህን መዝሙር ቆርጦ መጥቀስ አዲስ ነገር አይደለም። በማቴዎስና በሉቃስ ወንጌል እንደተጻፈው ፈታኙ ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ ያቀረበለት ማስረጃ ከዚሁ መዝሙር የተወሰደ ነው፤ መላእክት እግርህን ከድንጋይ ያድኑሃል የሚለውን ነበር የጠቀሰው። እባቡን ስለ መርገጥ የሚናገረው ቀጣዩ መስመር ጋ ሳይደርስ ቆመ። ጌታ የመለሰለት እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም ብሎ ነው። በሰይጣን አፍ የተጠቀሰ ብቸኛው መዝሙር ይህ የጥበቃ መዝሙር መሆኑ ሊያስደነግጠን ይገባል። የመጽሐፉ ቃል አልተለወጠም ነበር። የተለወጠው አጠቃቀሙ ነው፤ የመጠጊያ ቃል ወደ ማስገደጃ ዞረ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ይህ ጉዳይ በዓይናችን ፊት ነበር። በመጋቢት መጨረሻ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የአንድ ወር ጸሎት አወጀ፤ ጸሎቱ በየቤቱ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ ካህናትም ዕጣን ይዘው በየመንደሩ ዞሩ። ያ ጸሎት የሚያኮራን እንጂ የሚያሳፍረን አልነበረም። ምሕላ በመሠረቱ የአቤቱታ ሥርዓት ነው። 41 ጊዜ በመቁጠሪያ እየተቆጠረ የሚደርሰው እግዚኦታ የጌታን ግርፋት፣ የእሾህ አክሊሉንና የጎኑን መወጋት እያሰቡ የሚለምኑበት እንደሆነ አባቶች ያስተምራሉ፤ ለማኙ ከተወጋው ጌታ ጎን ቆሞ ይጮኻል። በዚያው ሰሞን በስልክ የሚዘዋወረው 90ኛው መዝሙር ግን በብዙ ስፍራ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ለሰባት ሰው ካላስተላለፍክ የሚል ማስፈራሪያ ተቀጥሎበት፣ በሽታው የሚይዘው ያላመነውን ነው የሚል ትርጓሜ ተለጥፎበት አይቻለሁ። በበሽታው የሞቱ ካህናትና መምህራን ቤተሰቦች ያንን መልእክት ሲያነቡ ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

ተመሳሳዩ ችግር በምስክርነት ባህላችን ውስጥ አለ፤ ይህን ስናገር ኦርቶዶክሱንም ፕሮቴስታንቱንም ማለቴ ነው። ስለቱ የሰመረለት ጃንጥላና መጋረጃ ይዞ ይመጣል፤ በጸበል የተፈወሰው በካሜራ ፊት ይመሰክራል፤ በአዳራሽ ውስጥ ሥራ ያገኘው፣ ቪዛ የወጣለት፣ ልጅ የወለደው መድረክ ይሰጠዋል። ምስጋና መሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን ስለቱ ያልሰመረለት ሰው መድረክ የለውም። ልጇን በጸበል ስታስታምም ቆይታ የቀበረች እናት በየትኛው ጉባኤ ላይ ትመስክር? ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወገደለትም፤ ጸጋዬ ይበቃሃል የሚል መልስ ብቻ አገኘ። ይህን ለቆሮንቶስ ሰዎች በግልጽ የጻፈው በዚያ ከተማ በራሳቸው የሚመኩ መምህራን ስለ ተነሡ ነበር። የጳውሎስ ዓይነት ምስክርነት በእኛ ዘንድ ወንበር ካጣ፣ ጉዳት የሚደርሰው በተጎጂው ላይ ብቻ አይደለም፤ የምናምነው አምላክ መልክም ይዛባል። ዕቃ እንደሚያወርድ ባለ መጋዘን ይሆንብናል።

የኢዮብ ወዳጆች ያሳጡትም በዚሁ ነው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አጠገቡ በመሬት ላይ ሲቀመጡ መልካም አደረጉ። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ እግዚአብሔርን ተሟግተው የሚጠብቁለት መስሏቸው የተሠቃየውን ሰው ወነጀሉ። በመጽሐፉ ፍጻሜ እግዚአብሔር የፈረደው ለእነርሱ አይደለም፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ተቆጣቸው። ኢዮብ የተናገረው ደግሞ የተወለደበትን ቀን እስከ መርገም የደረሰ ነበር።

ዘመናዊው የነገረ መለኮት ትምህርት ይህን ዘግይቶ ነው ያገኘው። ዩርገን ሞልትማን የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ተስፋ ከጻፉት ሁሉ የበለጠ ተደማጭ ነው፤ የተስፋ ነገረ መለኮት የተባለው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣ። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሰው ደራሲው በብሩህ ቀን የጻፈው ሊመስለው ይችላል። ሞልትማን እ.ኤ.አ. በ1943 ሐምሌ ሐምቡርግ በቦምብ ስትነድ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ አጠገቡ የቆመው ጓደኛው ሞቶ እርሱ ተረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተማርኮ ስኮትላንድ ውስጥ በነበረ የምርኮኞች ካምፕ ሳለ አንድ የጦር ሠራዊት ቄስ መጽሐፍ ቅዱስ ሰጠው። ከሃይማኖት ርቆ ያደገ ወጣት ነበር። ልቡን የያዘው የድል መዝሙር አልነበረም፤ በእኛ ቁጥር 38ኛው፣ በማክሰኞ የሚደገመው፣ ዝም ብዬ በውስጤ ነደድሁ የሚለውና እግዚአብሔርን ጥቂት እንዳርፍ ፊትህን ከእኔ መልስልኝ ብሎ የሚጨርሰው መዝሙር ነው። ከዚያ የማርቆስን ወንጌል አንብቦ ክርስቶስ በመስቀል ላይ አምላኬ ለምን ተውኸኝ ብሎ የጮኸበት ላይ ሲደርስ የሚያውቀውን ሰው እንዳገኘ ተሰማው። የክፍለ ዘመኑ ትልቁ የተስፋ መጽሐፍ የተወለደው ከአቤቱታ ነው። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የዳዊት ተማሪ ልጆቻችን በማክሰኞ ጠዋት የሚያጉተመትሙት ምን ያህል ሀብት እንደሆነ አስባለሁ።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባ ተቃውሞ አለ። አቤቱታን እንዲህ ማወደስ ሰውን በልቅሶው ውስጥ አያስቀርም ወይ? ሁሉን ለእግዚአብሔር አቤት ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አያደርገውም ወይ? ሥጋቱ ባዶ አይደለም። መከራን ሁሉ ቁጣ ነው ብሎ መቀበል፣ የመጣን ሁሉ መቻል፣ በሀገራችን ብዙ ጊዜ ለገዥም ለበሽታም መንገድ ጠርጓል። መልሱ ያለው ቅድም ያቆየሁት የ89ኛው መዝሙር መደምደሚያ ልመና ላይ ነው። ሙሴ ከዚያ ሁሉ አቤቱታ በኋላ የሚለምነው ከሰማይ የተዘጋጀ ነገር እንዲወርድለት አይደለም፤ የእጁ ሥራ እንዲቀናለት ነው። ርዳታ የሚመጣበትን በር ያሳያል።

በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የሆነውን እንመልከት። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የሀገሪቱን ከብት ጨረሰ። በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ ድርቅና አንበጣ፣ ፈንጣጣና ኮሌራ ተከተሉ። ሕዝቡ በየደብሩ ምሕላ ያዘ። ይህን ዘመን የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ፣ መኳንንቱም እንዲከተሏቸው እንዳደረጉ ይተርካሉ። ንጉሥ በእጁ ሲቆፍር ማየት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ምሕላውና ዶማው በአንድ ሰሞን የተያዙ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አልሻረውም።

ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። የዚያ በሽታ መከላከያ ክትባት እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ኬንያ ውስጥ በሙጉጋ የምርምር ጣቢያ በእንስሳት ሐኪሙ በዋልተር ፕላውራይት እጅ ተሠራ። ኋላም ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአፋር በረሃ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው ከብቶቻቸውን ከተቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። በ1881 ዓ.ም. የወደቀ በሬውን እያየ ያለቀሰ ገበሬ ይህን አላየም። ጸሎቱ ተሰማ ልንል እንችላለን? እኔ እላለሁ፤ ነገር ግን ይህን የምለው ያ ገበሬ በረኃብ መሞቱን ሳልሸፍን መሆን አለበት። ከ100 ዓመት በኋላ የመጣ ርዳታ የመጀመሪያውን ለማኝ አላዳነም። ክርስቲያን የሙታንን ትንሣኤ ካላመነ በቀር ይህ ሒሳብ አይዘጋም። ጳውሎስ ለሮም ሰዎች የሚታይ ነገር ተስፋ አይባልም ያለውን የምረዳው በዚህ መንገድ ነው።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜም እንዲሁ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ለጥቂት ተረፉ፤ ቀባሪ የጠፋበት ቤት ብዙ ነበር። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 በሊቀ መላእክት ሚካኤል ዕለት ሰው ከየግቢው ቆሻሻ ጠርጎ፣ ከየአጥሩ ሥር ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይሉታል። ጭሱ ራሱ ለጤና የሚሰጠው ጥቅም ቢያከራክርም፣ ጸሎትና መጥረጊያ በአንድ ቀን መያዛቸው የሚያስተምረን አለ።

በዚህ ረገድ ከተአምረ ማርያም መጻሕፍት ታሪኮች ሁሉ እኔን የሚገዛኝ የበላዔ ሰብ ነው። 78 ሰው የበላ፣ ዘመዶቹን እንኳ ያልማረ ሰው፣ አንድ ቀን በውኃ ጥም የሚቃጠል ለምጻም አገኘ። ለምጻሙ በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ በጻድቃን ስም ለመነው፤ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ከመንቀሉ ጥቂት ውኃ በእፍኙ ሰጠው። በፍርድ ቀን ያች እፍኝ ውኃ በሚዛን ላይ ወጥታ ከ78ቱ ነፍስ መዘነች። የኪዳነ ምሕረት በዓል በየካቲት 16 ሲመጣ ይህ ታሪክ ይነበባል። ብዙ ዘመናዊ አንባቢ ኃጢአትን ያረከሰ ተረት አድርጎ ይነቅፈዋል፤ የነፍሰ ገዳይ ሥራ በእፍኝ ውኃ እንዴት ይሠረዛል ይላል። ነቀፌታውን እረዳለሁ። ታሪኩን ግን ከለምጻሙ ወገን ሆኜ ሳነበው የሚታየኝ ሌላ ነው። ለምጻሙ ከሰማይ ርዳታ ጠየቀ፤ ርዳታው የመጣው ከሁሉ ይልቅ ሊመጣበት በማይጠበቅ እጅ ነው። እርሱ ያን ቀን ውኃ ጠጣ። ሐዋርያው ያዕቆብ የታረዘና የተራበ ወንድም ሲመጣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ ብሎ በሰላም የሚያሰናብተውን ሰው የነቀፈውም ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የቤተ ክርስቲያን መሪዎችን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1960ዎቹ የሰውን ሥጋና ነፍስ ለያይቶ ማገልገል ወንጌልን መክፈል መሆኑን ለዓለም ሉተራውያን የሞገቱ ሰው ናቸው። ከሀገር እንዲወጡ ዕድል ተከፍቶላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። በዚያው ወር ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ ያሠራቸው ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በዚያ 13 ዓመት ውስጥ የሁለቱም ወዳጆች ስንት ጊዜ 90ኛውን መዝሙር ደግመው ይሆን? ሁለቱ ሰዎች ከወጥመድ አልተጠበቁም። ርዳታን በሕይወት መትረፍ ብቻ የምንለካ ከሆነ ስለ እነርሱ የምንለው አይኖረንም። 90ኛውን በፍጻሜው፣ አብሮ በመሆን ቃሉ የምናነበው ከሆነ ግን እነርሱም በመዝሙሩ ውስጥ አሉ።

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል አንዲት አስታማሚ እናት አይቼ ነበር። ልጃቸው በአልጋው ላይ ኦክስጅን ተደርጎለት ተኝቷል። እርሳቸው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ዳር ዳሩ በላብ የጠቆረ ትንሽ ዳዊት ከመስኮቱ ብርሃን ጋር እያስጠጉ ያነባሉ። ሐሙስ ነበር። በሚቀጥለው አልጋ ያለችው ሴት ድምፃቸውን ስትሰማ ቆይታ 87ኛው ላይ ሲደርሱ ደነገጠች፤ ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ አይነበብም፣ የሚያጽናናውን ይምረጡ አለቻቸው። እሳቸው የዕለቱ እንደሆነና እንደማይዘሉት ነገሯት፤ ቀጠሉም። ባለ መድኃኒቶች ሙት ያስነሡ እንደሆነ የሚጠይቀውን መስመር ሲያልፉ አንዲት ነርስ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ገብታ የልጁን ክንድ አነሣች። እናትየው ዳዊቱን ሳይዘጉ ልጁን በአንድ እጃቸው ደግፈው አቃኑላት። እኔ ስለ ተስፋ ካነበብሁት ሁሉ ያችን የአንድ እጅ ሥራ ያህል ያስረዳኝ የለም። አቤቱታው በአፋቸው፣ መጽሐፉ በአንድ እጃቸው፣ ልጃቸው በሌላው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣ አንድ የተግባር ሐሳብ አለኝ፤ ለአሳታሚዎችም ለካህናትም የሚሆን ነው። 90ኛውን ብቻ ነጥሎ በኪስ መጠን ማሳተም የተለመደ ሆኗል። እነዚያ ትንንሽ መጻሕፍት ከ87 እስከ 90 ያሉትን አራቱን መዝሙሮች አንድ ላይ ይዘው ቢወጡ ጭማሪው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት የሚገባ ካህንም፣ በአዳራሽ የሚሰብክ ፓስተርም፣ ወዲያው ወደ ማጽናኛው ከመዝለሉ በፊት ሐዘንተኛው ሊናገር ያልደፈረውን በመጽሐፉ አፍ ይናገርለት። ሐዘንተኛው እግዚአብሔርን ለምን ብሎ ሲጠይቅ የምንቆጣው፣ አትበል አትበል እያልን አፉን የምንይዘው፣ ለእግዚአብሔር ተቆርቁረን ይመስለናል። የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ መስሏቸው ነበር። ለልጇ ለምና ያልሆነላት እናት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የራሷ ቃል፣ በየሐሙሱ በማኅበር የሚነበብ ቃል እንዳላት ብታውቅ፣ በማግስቱም ተመልሳ ለመምጣት ምክንያት ይኖራታል።